ነባሩን ሾፌር ከነጭነቱ ፈትኑት፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጎጃም

ለምሥራቅ ጎጃም፣ ለምዕራብ ጎጃምና ለአዊ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች
ለአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማትና ለከባድ መኪና ባለንብረቶች
ግልባጭ፦ ወደ መሪ ለመመለስ ላሰባችሁ ነባር ሾፌሮች

ጉዳዩ፦ ከዓመታት በኋላ ወደ ጭነት መኪና የሚመለሱ ሾፌሮች ብቃት እንደገና የሚረጋገጥበትን መንገድ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በጎጃም ዛሬ ወደ ከባድ መኪና የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። አንዱ መኪናውን ሸጦ እርሻ ገብቶ የነበረ ነው። ሌላው በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ መኪናውን ግቢ አቁሞ የከረመ ነው። ጡረታ ወጥቶ ኑሮው አልገፋ ያለውም አለ። አብዛኞቹ ሃምሳን የተሻገሩ፣ አንዳንዶቹም ስድሳን የደፈኑ ናቸው። አገሩ እነዚህን ሰዎች ይፈልጋቸዋል። የቢቸናን ጤፍ፣ የቡሬን በቆሎ፣ የእንጅባራን ከሰል የሚያወጣ፣ በምላሹም ማዳበሪያና ሲሚንቶ የሚያስገባ የበሰለ እጅ እንደ ልብ አይገኝም።

ሲመለሱ የሚጠብቃቸው መንገድ ግን ሁለት ብቻ ነው። የአንዱ መንጃ ፈቃድ ወረቀቱ ተሟልቶ ይታደስለታል፤ አሥር ዓመት መሪ ያልጨበጠ ሰው በማግሥቱ 300 ኩንታል ጭኖ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ ከሃያ ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ፣ በኮኖች መሐል ወደ ኋላ እንዴት እንደሚኬድ ይማራል። ለመጀመሪያው ምንም አልተደረገለትም። ለሁለተኛው የተደረገለትም ያስፈልገው የነበረው አይደለም። የሚመለስ ሾፌር ጀማሪ አይደለም፣ ትናንት ሲነዳ ያደረም አይደለም። እጁ የሚያስታውሰው ብዙ ነገር አለ። አደጋውም ያለው እጁ በሚያስታውሰው ነገር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ተለውጧል፣ አካሉም ተለውጧል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው መንዳትን፣ ማሠልጠንንና መጠገንን ሥራችን አድርገን የኖርን ሰዎች ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ነባሩ ሾፌር አጭር፣ ግን ጠንካራ የሆነ የራሱ የመመለሻ ሥልጠናና ፈተና ይኑረው፤ ፈተናውም በተጫነ መኪና፣ በቁልቁለት ላይ ይሁን። ለምን እንደዚህ እንደምንል በዝርዝር እናስረዳለን።

ከቁልቁለቱ እንጀምር። ከደጀን አፋፍ አባይ ወንዝ ላይ እስካለው ሕዳሴ ድልድይ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ተጠማዝዞ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። 30 ቶን የሚመዝን መኪና ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1,100 ሊትር በላይ ውኃ ከቀዝቃዛው አንሥቶ ያፈላል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ55 ጀሪካን በላይ ነው። ይህ ሁሉ እሳት የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ በማርሽና በሞተር ፍሬን ከያዘው አብዛኛው በሞተሩ በኩል ይወጣል። በእግር ፍሬን ከያዘው ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡርና እሱን ከውስጥ ተጭኖ በሚይዘው ሸራ ላይ ያርፋል።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ሸራው ደግሞ ከመጠን በላይ ሲሞቅ መያዙን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። የአየር ፍሬን ባለው መኪና ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን ፔዳሉ ከእግር በታች ብዙም አይለወጥም፤ ሾፌሩ የሚያውቀው ያው አረጋገጥ ያን ያህል አልይዝ ሲለው ነው። ያኔ ደጋግሞ ይረግጣል፤ በረገጠ ቁጥር አየር ይወጣል፣ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር የወጣውን ለመተካት አይደርስም። በተለምዶ «ፍሬን በጠሰ» ከምንለው አደጋ ብዙው የተበጠሰ ነገር የለውም። ፍሬኑ ነድዶ ነው። የዘይት ፍሬን ባላቸው ትናንሽ አይሱዙዎች ላይ መልኩ ሌላ ነው፦ የፍሬን ዘይት ዓመት በቆየ ቁጥር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቆሞ የከረመ መኪና ከሆነ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት።

ነባር ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።» ይህ ሕግ በፊያት 682 ዘመን እውነት ነበር። የዚያ መኪና ሞተር 200 ፈረስ ጉልበት ገደማ ስለነበረ ጭኖ ሲወጣ የግድ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ማርሽ ሲወርድም ሞተሩ ይይዘዋል። ባለ 371 ፈረስ ጉልበቱ ሲኖትራክ ግን ያንኑ ዳገት በቀላል (ከፍተኛ) ማርሽ ይወጣዋል። በዚያ ማርሽ ቢወርድበት ሞተሩ አይይዘውም። ለዛሬው መኪና ከወጣበት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ማርሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ሳይነገረው የተመለሰ ጎበዝ ሾፌር ከጀማሪ የበለጠ ያሰጋናል። ጀማሪው ይፈራል፤ እሱ ግን በልቡ «ይህን ቁልቁለት አውቀዋለሁ» ይላል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ከአፋፉ በፊት ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የአየር መለኪያው ይታያል፣ ታምቡሮቹ በእጅ ጀርባ ሳይነኩ በቅርብ ይፈተሻሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ እዚያ ጎማ ላይ ሸራው ሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው። ማርሹ ከቁልቁለቱ በፊት ይገባል፤ መሐል ላይ እቀንሳለሁ ማለት አይቻልም፤ ማርሽ ሲወጣ መኪናው ይፈጥንና መልሶ አልገባ ይላል፣ በዜሮ ማርሽ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሞተር ፍሬኑ የሚሠራው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ «ሞተሩ ጮኸብኝ» ብሎ ቀላል ማርሽ ማስገባት ራስን ማስያዣ መንሣት ነው። ለተጫነ መኪና ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። 30 ሲደርስ ሦስት ሰከንድ ያህል ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ 22 ገደማ ሲወርድ እግርን ጨርሶ ማንሣት፣ እንደገና 30 እስኪደርስ መተው። እግርን ፔዳል ላይ ጣል አድርጎ እየዳበሱ መውረድ ሸራውን ዕረፍት ይነሣዋል። በዚህ አኳኋን 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ተፈልጎ ይቆማል፣ ታኮ ይደረጋል፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይጠበቃል። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ረዳቶች ዛሬም አሉ። የበረሃው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየጊዜው ይሸበሸባል፣ ይሰምጣል፤ ዓምና የሚያውቁት ኩርባ ዘንድሮ ሌላ ቅርጽ ይዞ ሊጠብቅ ይችላል።

ሌሎች ነባር ልማዶችም አሉ። በዜሮ ማርሽ (በፎሌ) ቁልቁለት መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው አንዱ ነው። በዛሬው ኤሌክትሮኒክ ሞተር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ማርሽ ገብቶ ከነዳጅ ፔዳሉ እግር ሲነሣ ሞተሩ ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ ነፍስን ያስይዛል እንጂ ምንም አያተርፍም። ሁለተኛው ፍሬን ሲይዝ እየመታ መልቀቅ ነው። ኤ.ቢ.ኤስ. (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ) ባለው መኪና ላይ መምታቱን መሣሪያው ራሱ ያደርገዋል፤ ሾፌሩ ጠንክሮ ረግጦ መያዝ፣ መሪውንም ማስተካከል ብቻ ነው ያለበት፤ እግር ስር መንቀጥቀጥ ቢሰማው ብልሽት አይደለም። ሦስተኛው ዳገት ጨርሶ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን አፋፍ ላይ የደረሰ ቱርቦ እንደ ፍም ግሎ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ዘይት ይቆማል፣ ውስጡ የቀረው ያርራል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ማቆየት ያድነዋል። ሁለቴ ፍሪሲዮን የመርገጥ ልማድ ግን አይጎዳም፤ በእሱ ማንም አይገሠጽ።

ጠዋት ጠዋት የሚደረገውን የአየር ፍሬን ፍተሻ ብዙ ነባር ሾፌር ረስቶታል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አልተማረውም። ሞተሩ ተነሥቶ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ በአብዛኛው መኪና 7 እና 8 ባር መካከል ይቆማል። ከዚያ ሞተር ይጠፋል፣ ጎማው በታኮ ይያዛል፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቃል፣ የእግር ፍሬን ተረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዛል። መርፌው በዚያች ደቂቃ ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ፣ ተሳቢ ካለው ደግሞ ከ0.3 በላይ ከወረደ፣ አየር የሚያወጣ ቦታ አለ፤ በጆሮ ይፈለጋል፣ በሳሙና ውኃ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ፔዳሉ እየተመታ አየሩ ይቀነሳል፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅና መብራት 5 ባር አካባቢ ላይ መምጣት አለበት። ካልመጣ መኪናው አይነሣም። የአየር ታንኮቹ ማፍሰሻ በየቀኑ ተከፍቶ ውኃው ይውጣ፤ የሚወጣው ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ኮምፕረሰሩ እያለቀ ነው። በመጨረሻም ረዳት ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ከፍሬን ቻምበሩ የሚወጣው ዘንግ ስንት እንደሚጓዝ በማስመሪያ ይለካ፤ በተለመደው 30 ቁጥር ቻምበር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ፍሬኑ መጥበቅ አለበት። ሜዳ ላይ ጥሩ የሚይዝ መኪና በረሃው መሐል የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፦ ዘንጉ ሜዳ ላይ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ታምቡሩ ሲግልና ሲሰፋ ያቺ የቀረችው ትንሽ ታልቃለች።

አሁን ወደ አካሉ እንሂድ። የጤና ምርመራ ወረቀት ተሞልቶ ማኅተም የሚመታበት ነገር ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት ሾፌር አራት ነገር በእውነት ይታይ። ዓይን አንዱ ነው፦ ግድግዳ ላይ ያሉ ፊደሎችን በቀን ብርሃን ማንበብ አይበቃም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የጀመረው ሰው ፊደሉን ሊያነብ ይችላል፤ ሌሊት ፊት ለፊት የሚመጣ መብራት ግን በነጭ ጭጋግ ይሸፍንበታል። ግላኮማ ደግሞ መሐሉን ትቶ ዳር ዳሩን ይበላል፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከጎን የሚገባው ባጃጅ ግን አይታይም። ስለዚህ የጎን እይታና የዓይን ግፊት ይለካ። እቤት ውስጥ ራሳችሁን ለመመዘን የቆመ መኪና ታርጋ ከ20 ሜትር ለማንበብ ሞክሩ፤ ካቃታችሁ መነጽር ሳታሠሩ መሪ አትጨብጡ።

ስኳር ሁለተኛው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ይመጣል። የዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እየጾመ ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ የሚነዳ ሾፌር አለ፤ ይህ በአደገኛ ሰዓት በአደገኛ መንገድ ላይ ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ጋቢና ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር፤ ምልክቱ ሲመጣ ወዲያው ይቁም፣ ስኳሩን ይውሰድ፣ ወደ ልኩ ከተመለሰም በኋላ 45 ደቂቃ ሳይሞላ አይነሣ። ደም ግፊት ላይ የምናሳስበው መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም ሲለወጥ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ከጋቢና ሲወርድ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው መጠኑ እስኪስተካከል ይቆይ። ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል፤ ሾፌር መሆናችሁን ሳትናገሩ የጉንፋን ኪኒን አትግዙ።

አራተኛውና ብዙ የማይነገርለት እንቅልፍ ነው። ሌሊት ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ በመሐል ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ በድንጋጤ የሚባንን፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሣ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም አልተኛም። ይህን ራሱ አያውቀውም፤ የምታውቀው ባለቤቱ ናት። ሐኪም ለእሷ ጥያቄ ቢያቀርብ እንመክራለን። ሰውነት ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ቀን ደግሞ ከ7 እስከ 9። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራት ሰከንድ ያንጎላጀ ሾፌር 67 ሜትር ያለ ሾፌር ሄዷል። ጫት እንቅልፉን አይከፍልለትም፣ ያራዝምበታል እንጂ፤ ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የማታ አረቄም ለማለቅ የራሱ ጊዜ አለው፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፋጥነው።

ጭነት ላይ ብዙ አንቆይም፤ ነባሩ ሾፌር ከማናችንም በላይ ያውቃል። ሦስት ነገር ብቻ። ጤፍም ማዳበሪያም መንገድ ላይ ረግጦ ይቀመጣል፤ ጠዋት የጠበቀ ገመድ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ላልቷል፤ ቆሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው። ባሕር ዛፍ አጣና ሲጫን ከኋላ ተርፎ የሚወጣው ኩርባ ላይ ወደ ተቃራኒው ወገን ይጠርጋል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ሌሊት መብራት ይደረግ። ከአዊ የሚነሣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ደግሞ ከጉድጓዱ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይበርድ መጫን የለበትም። ውስጡ የቀረች አንዲት ፍም በመንገድ ንፋስ ትነሣለች፤ እሳቱም የሚታየው የጭነቱ መሸፈኛ ሸራ ከተበሳ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን መኪናውም ቆሞ የከረመ ከሆነ ነገሩ እጥፍ ነው። ጎማው ጥርስ አለው ተብሎ አይነሣ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ተመልከቱ፦ 2317 የሚል ከሆነ በአውሮፓውያን 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ጎማ በረሃው ሙቀት ውስጥ አይቆይም፤ ከፊት ደግሞ የታደሰ ጎማ ፈጽሞ አይደረግ። የሰራባትዮው (የናፍጣ ታንኩ) ሥር ውኃ ይጠራቀማል፤ ተፈትቶ ይፍሰስ፣ የናፍጣ ፊልትሮውም ይለወጥ። ሸራው ታምቡሩ ላይ ዝጎ ተጣብቆ ይገኛል፤ በሞተር ጉልበት ጎትቶ ማላቀቅ ሸራውን ይገነጥላል፤ ታምቡሩ ይፈታ። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላ ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ይጥበቁ። የዝገት ጭረት ከዳዶው ሥር በጨረር መልክ ከወጣ ላልቷል ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ሰው ሳምንታት ያባክናል። የቀድሞው የደረጃ መንጃ ፈቃድ፣ የዛሬው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚሰጠው ምድብና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ሆኖ አይገኝም፦ አንዱ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ»፤ የልደት ዘመኑ አንዱ ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ። ከሌላ ክልል የወጣ ከሆነ ደግሞ የሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሾፌሮች ሆይ፣ ሥልጠና ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ ነባር ሾፌር የሚያሟላውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉልን፤ ከሞጣ ወይም ከዳንግላ የመጣ ሰው ለአንዲት ጎዶሎ ወረቀት ሦስት ጊዜ አይመላለስ።

አሁን የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። የመመለሻ ሥልጠናው አምስት ቀን ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ለጤናና ለአየር ፍሬን ፍተሻ፤ ሾፌሩ ፍተሻውን በራሱ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥራ። ሁለተኛው ባዶ መኪና ላይ ለማርሽ፣ ለስፖኪዮ፣ ለወደ ኋላ ጉዞና ለአዳዲሶቹ የዳሽቦርድ መብራቶች። ሦስተኛው በግማሽ ጭነት በከተማና በገበያ ቀን መንገድ ላይ፤ ጋሪው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ ባለበት። አራተኛው በሙሉ ጭነት ከደጀን ወደ ድልድዩ ወርዶ መመለስ፤ ቀኑ በዝናብና በጉም ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀን ይደገም እንጂ አይሰረዝ። አምስተኛው ከጨለማ በኋላ። ሙሉ ጭነት ስንል ማዳበሪያ ይሁን አሸዋ ግድ የለንም፤ ባዶ መኪና ላይ የተሰጠ የቁልቁለት ፈተና ግን ምንም አይፈትንም። ባዶው መኪና በማንኛውም ማርሽ፣ በማንኛውም እግር ይወርዳል።

አምስቱን ቀን ብዙ የሚል ካለ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከባድ መኪና በሙያው የሚነዳ ሰው በየ5 ዓመቱ 35 ሰዓት የማደሻ ሥልጠና ይወስዳል፤ ሳያቋርጥ ሲነዳ የኖረውም ጭምር። በብሪታንያ የሐኪም ምርመራው ከ45 ዓመት ጀምሮ በየ5 ዓመቱ፣ ከ65 በኋላ በየዓመቱ ነው። በዚያ ያለው መንገድ ሰፊና የተቀባ ነው። እኛ ያለን አባይ በረሃ ነው።

አሠልጣኝ መምረጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት አሠልጣኝ ጎኑ የተቀመጠው አባቱን የሚያህል ሰው ሲሆን ይሉኝታ ይይዘዋል። «ጋሼ፣ እርስዎማ ያውቁታል» ብሎ ዝም ይላል፣ ፈርሞም ይሰጣል። ሰውየውም ልጅ ሲያርመው ፊቱ ይጠቁራል። ይህ ባህላችን ነው፤ ብንወቅሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን መፍትሔ አለው። ፈታኙ እድሜው የቀረበ፣ እሱም ያንኑ ቁልቁለት ጭኖ የሚወርድ ሰው ይሁን። ውጤቱም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ብቻ አይቅር፤ ማርሽ መርጦ መግባት፣ የፍሬን አረጋገጥ፣ የአየር ፍተሻ፣ የጎን እይታ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጻፍ። የወደቀባትን አንዲት ነገር ብቻ ደግሞ እንዲፈተን ይፈቀድለት። ስድሳ ዓመት የሞላውን ሰው በአንድ ጉድለት ሁሉንም እንደገና ማስጀመር ወይ ተስፋ ያስቆርጠዋል፣ ወይ በአቋራጭ ፈቃድ ወደሚገኝበት በር ይልከዋል።

ለባለንብረቶች ያለን ቃል አጭር ነው። አዲስ የተመለሰ ሾፌር የመጀመሪያውን ወር ሌሊት አይጫንበት፣ በተሳቢ አይጀምር፣ የምልልስ ብዛት ተቆጥሮ አይከፈለው። ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ፍቀዱለት፤ በአውሮፓ ሕግ ነው፣ እናንተ ግን ያለ ሕግም ልታደርጉት ትችላላችሁ።

የሚቀጥለው የማዳበሪያ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አንድ አንድ የተጫነ የማሠልጠኛ መኪና እንዲመደብ፣ ፈታኞችም እንዲመረጡ እንጠይቃለን። የፍተሻውን ቅጽና የአምስቱን ቀን ዝርዝር አዘጋጅተናል፤ ስትጠሩን ይዘን እንመጣለን። ያለ ክፍያ ለማሠልጠንም ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም የምንገኝ ነባር የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ አሠልጣኞችና መካኒኮች